ሠላሳ ስድስተኛዋ

የትሪየስቴ ነፋስ ወደቡን ሲመታ፣
አንዲትን የባሕር ወፍ፣ ከጧት እስከ ማታ፣
አራት መቶ ጊዜ አነሣሁ ቆጥሬ፤
ካርዱ ጠገብኩ አይልም፣ እኔም አጣሁ ፍሬ።

በፊልሙ ዘመን ግን ሠላሳ ስድስቱን፣
እንደ ወር መጨረሻ ሳንቲም እያንዳንዱን፣
ሰስቼ ነበር የማወጣው።
ሳምንት ስጠብቅ ከርሜ፣
ሊቪዮ ከጨለማ ክፍሉ
ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ ብቅ ይልና፣
«ሦስቱ ደህና ናቸው» ይለኛል።
ሦስት ካማረማ ሰርግ ነበር ለእኔ።

አሁን ሱቁ ጫማ ይሸጣል።

በአሮጌው ካሜራ ሆድ አንዲት ተርፋለች፤
ሠላሳ ስድስተኛዋ። የሚሬላ ነበረች።
በረንዳዋ ላይ ቆማ
ሻርፗን ከነፋሱ ስትቀማ፣
«ቆይ፣ ደመናው ይለፍ» ስል፣
እሷ ቀድማ አለፈች።