ምራቂ

ቀፊራ ከጥላው ሥር ማዳበሪያ አንጥፋ፣
ከቢዮ አዋሌ መጥታ፣ ጤዛው ገና ሳይጠፋ፣
መይሙና ቅጠሏን ትዘረጋለች፤
«ራፉ! ራፉ!» ትላለች።
እኔ ፊቷ ቆሜያለሁ፣ በእጄ ባዶ ፌስታል፤
በስልሳ ስምንት ዓመት ጎመን መግዛት ያሳፍራል።
«የቱ ነው አሉማ?» አልኳት። ቆቤን አየችና ሳቀች፦
«ሐዲድ ለሐዲድ ስትሄድ፣ እግርህ ሥር ነበረች!»
ሁለት እስር ሸጠችልኝ፤ ሦስተኛ ጨመረች፤
«ይቺ ምራቂ ናት፣ ለትርፌ» አለች።

በድሬ «ቅጠል» ካልክ፣ ሰው የሚያውቀው አንዱን ነው፤
ሰባት ሰዓት ላይ በባጃጅ ሲገባ፣ አገር ቆሞ የሚጠብቀው።
እኔም ሠላሳ ዓመት ጀርባዬን ለትራስ፣ ጉንጬን ለእሱ ሰጥቼ፣
ምርቃናው ሲይዘኝ ድልድይ ገንብቼ፣ የቆመ ባቡር በአፌ አስነስቼ፣
ማታ ቤት ስገባ፣ ምራቅ ደርቆ በአፌ፣
የቀዘቀዘ ጎመን ይዛ ትጠብቀኝ ነበር ትርፌ።
«ቅጠል በልቻለሁ» እላለሁ፤ እተኛለሁ።

ሐምሌ ሲያልቅ፣ ዝናብ ያረጠበው ደረጃ አዳለጣት፤
ቀኝ እጇ ተሰበረ፤ ወጌሻው አሽቶ በሸምበቆ አሰራት።
ጎረቤት ሦስት ቀን አበላን።
በአራተኛው ቀን፦ «በቃ፤ አታሳፍረን፤
ፍልሰታ ገብቷል፤ ሂድና ቅጠል ግዛ» አለች፤
አልጋዋን ወደ ማድቤቱ በር አስዞረች።

«እጠበው።» አጠብኩት።
«ድገም።» ደገምኩት።
«ውሃው ምን ይመስላል?» «ንጹሕ ነው።» «ዋሸህ!
አሸዋው ከዚህ ይሰማኛል፤ እንዴት አልታየህ?»
ከሦስተኛው ሳፋ ሥር ደቻቱን አገኘሁት፤
ጨብጬ አሳየኋት። ዝም አለች። ደፋሁት።
እህቷ ፀዳለ የሄደችው በዚህ አሸዋ ነው፣ ያን ዓመት በነሐሴ፤
ሦስቴ ማጠቧን አመል ነው ብዬ ስቄባት አውቃለሁ፣ እኔው ራሴ።

እሳት ላይ ሲሆን ግን «ይህስ የኔ ሙያ ነው» አልኩ፤
የናፍጣ ሞተር በጆሮዬ የማክም ሰው፣ ድስቱን ከድኜ አዳመጥኩ።
«ክፈተው፣ አቦ!» ጮኸች ከአልጋዋ፤ «አረንጓዴው ሊሞት!
አንተም በር ዘግተህ ስትቅም ነው የጠቆርከው፤ እይ እስቲ መስታወት!»
ከፈትኩት።

«ዘይት ስንት ማንኪያ?» «እስኪበቃው።» «መቼ ነው የሚበቃው?»
«ሽንኩርቱ ይነግርሃል፣ ማልቀሱን ሲተው።»
ስምንት ሰዓት ላይ ኢድሪስ ከደጅ ተጣራ፦ «በርጫው ተጀመረ!
ምን ነካህ ሰውዬ? ቦታህ ባዶ ቀረ!»
«ዛሬ የኔ ቅጠል እሳት ላይ ነው» አልኩት፣ ማማሰያዬን ይዤ፤
ሲስቅ ሰማሁት እስከ መንገዱ ጫፍ፣ እኔ በእንፋሎት ደንዝዤ።

«እሳቱን ቀንስ» አለች፤ «መረቁ እንዳይደርቅ፤ የምወደው መረቁን ነው።»
አርባ ዓመት! ከድስት የምትወደውን ስሰማ፣ የመጀመሪያዬ ነው።
ለካ ለእኔ ቅጠሉን አውጥታ፣ ማታ ማታ በጨለማ፣
መረቁን ብቻዋን ስትጠጣ፣ እኔ ምርቃና ላይ፤ ማን ይስማ?

መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ» ይላል አገሩ፤
ከእኛ ቤት ዘንድሮ ይቆይ፤ ገና አልገባኝም ነገሩ።
ሦስተኛዋ እስር፣ ምራቂዋ፣ ፌስታል ውስጥ አለች፤ ለነገ።

ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። ቅዳሴው ወጣ። ትሪውን አቀረብኩላት።
«በግራ እጄ አልበላም» አለች፤ አጎረስኳት።
ቀስ ብላ አላመጠች፤ ጣራውን አየች፤ ፈራኋት።
አንድ ጠብታ መረቅ አገጯ ላይ ወርዶ፣ በአውራ ጣቴ ጠረግኩላት።

«ጨው ረስተሃል» አለች።

ሌላ ምርቃት አልጠበቅኩም።
አፏን ግን ከፈተች።