መጀመሪያ ጫማ

ገንደ ቆሬ፣ ከደቻቱ ማዶ፣ ቆርቆሮ ቀትር ላይ ሲፈላ፣
የረምዚ ጌም ቤት ነበር፤ በር የለው፣ የአሮጌ ሽርጥ ጥላ።
ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ቬንትሌተር አንገቱ ተሰብሮ
ለረምዚ ብቻ የሚነፍስ፣ ለእኛ ጀርባውን አዙሮ።
ግማሽ ሰዓት ሁለት ብር።
"ዓለምን ማዳን የፈለገ አስቀድሞ ይክፈል፣
ዱቤ ዘንዶ አይገድልም" ይል ነበር።

ከመንደር ትነሳለህ፤ በእጅህ ዱላ፣ በኪስህ ሦስት ሳንቲም፣
ተራራው ላይ ዘንዶ አለ፤ ስሙን ያልሰማ የለም፣ ፊቱን ያየ ግን የለም።
እኔ በመጀመሪያው ቀን በቀጥታ ወደ ተራራው ሮጥኩ።
ተኩላ በላኝ።
በማግስቱ በሦስቱም ሳንቲም የዛገ ሰይፍ ገዝቼ፣ ድልድዩን ሳልሻገር አለቅኩ።
በሦስተኛው ቀን ተኩላው ራሱ የለመደኝ መሰለኝ፣
ጫካው ሳልደርስ ወጥቶ እንደ ዘመድ ተቀበለኝ።

ሂንዲያ ከኋላ ቆማ ታያለች፣ የሳምቡሳ ሳህኗን ታቅፋ፣
ላቧን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ፣ ዝንቡን በመዳፏ አራግፋ።
"አንተ ልጅ፣ ሞትህ ሰለቸን። ስማኝ፣ ነገሩ ንግድ ነው፤
ዘንዶው የትም አይሄድም፣ ይሄ ሁሉ ችኮላ ለማን ነው?
ከወፍጮ ቤቱ ሥር አይጥ አለ፤ አይጡን ግደል፣ ጭራውን ሽጥ፣
ለበሩ ነጋዴ አይደለም፤ እሱ ደላላ ነው፣ በልጅ የሚያላግጥ፤
ጉድጓዱ ዳር ላለችው አሮጊት። አንድ ሳንቲም ትጨምራለች፣
ውሃ ከቀዳህላት ደግሞ ዳቦ ትሰጣለች።
ሰይፍ አትግዛ። መጀመሪያ ጫማ።
የሮጠ አይሞትም፣ የሞተ ትርፍ አይቆጥርም፤ ጆሮ ያለው ይስማ።"

ገደልኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ አይጥ ብቻ።
"የወፍጮ ቤቱ ድመት" አሉኝ፤ ስቀው ሄዱ፣ ቀረሁ ለብቻ።
ጭራ በጭራ፣ ሳንቲም በሳንቲም፣ ከስክሪኑ ጥግ ብልጭ አለ፣
"ደረጃ ሁለት"፤ ብርጭቆ ሲነካካ የሚመስል ድምፁ አጥንቴ ውስጥ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ታይዋን ገበያ ካርቶን ስሸከም፣
በአንድ ካርቶን ሁለት ብር፤ ደረጃ አንድ ነኝና አይጨመርልኝም፤
በርበሬ የሚያራግፈው መጋዘን አንድ ብር እንደሚያክል ደረስኩበት፤
ማስነጠሱን ፈርቶ ማንም አይሰለፍ፣ እዚያ ለብቻዬ ሠራሁበት።

ረምዚም ነጋዴ ነው። ማሽኑ የሚያስቀምጠው ሦስት ሰው፣ ሦስት ቦታ፤
እኛ ሠላሳ። አከራየዋ፤ በሳምንት አምስት ብር፣ እሑድ ማታ።
አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእህቱ ልጅ፣ ሦስተኛው የሂንዲያ፤
ልጆቹ ለአስር ሶላት ሲወጡ ትጫወታለች፣ ሳህኗን መሬት አድርጋ፣ በጥድፊያ።

ከዚያ ቀረች። ሳምቡሳውም፣ ድምፅዋም።
እሑድ ማታ ረምዚ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳርፎ
"ልደምስሰው?" አለ። የመለሰ የለም።
አምስት ብሬን አወጣሁ።
በሚቀጥለውም እሑድ። በሚቀጥለውም። ለምን እንደሆነ እንጃ፤
የእኔ ቦታ ለሌላ ሄደ፣ ለሁለት መክፈያ ከየት ይምጣ።

አንድ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ቤቱ ባዶ ሳለ፣ ከፈትኩት።
ንግሥት ነበር የጠበቅኩት፤
ክንፍ ያላት፣ ዘንዶ የጣለች።
ደረጃ ዘጠኝ። በእጇ ያው የመጀመሪያው ዱላ። በእግሯ ጫማ።
አራት ሺህ ሳንቲም። መንደሩ በር ላይ ቆማለች፣ ፊቷ ወደ ጨለማ።
አንድ እርምጃ አላስኬድኳትም።

ባለፈው አሸዋ ገበያ አገኘኋት። ፍሪጅ አላት፣ የራሷ፤
በሩ በገመድ የታሰረ፤ ደብተር የላት፣ ሒሳቡ ሁሉ በራሷ።
በረዶ በፌስታል ትሸጣለች። "ዘንዶው እንዴት ነው?" አለች።
"እንዳለ ነው።"
"ጫማስ ገዛህ?"
ወደ ታች አየሁ፤ ነጠላ ጫማዬ በሚስማር ተይዞ፣
የደቻቱ አሸዋ በጣቶቼ መሐል ተጓጉዞ።
ስለ አምስቱ ብር አልነገርኳት። በረዶውን ሰጠችኝ፣
መልሱን ቆጥራ፣ አንድ ሳንቲም እንኳ ሳትተውልኝ።