የማክሰኞው ቀልድ ሐሙስ ደረሰ

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ዘጠነኛ «ለ» ክፍል፤
ምድጃው ከሰል አንሶት በግማሽ ልብ ሲቃጠል፣
ሃያ ሰባት ልጆች፣ በካፖርት እንደ ተጠቀለሉ፣
የበረደ እስክሪብቶ በትንፋሽ ሲያባብሉ፣
ከሞንጎሊያ ሜዳ መሐል፣ ነፋስ ብቻ ሲጎበኘን፣
ባሕር የተሻገረ ቀልድ፣ ምዕራፍ አሥራ አንድ፣ ደረሰን።

እኔ መምህርቷ ዶልጎር፣ ሰኞ ሌሊት አንብቤው፣
ሻይ በአፍንጫዬ ወጥቶ ደብተሬን አርጥቤው፣
«ነገ ክፍሉ ይፈርሳል» ብዬ ነበር የተኛሁት፤
በዕቅዴ ላይም፣ «ሳቅ» ብዬ፣ አምስት ደቂቃ ያዝሁለት።

ታሪኩ እንዲህ ነው፦
አንዱ የጎረቤቱን ፒር በሌሊት ሊሰርቅ ያስባል፤
ዛፉ ረጅም ነውና፣ ከዚያው ጎረቤት መሰላል ይዋሳል።
ባለመሰላሉ ደግ ነው፤ ለዕቃው ግን ይሳሳል፤
«አንድ እግሩ ይወላገዳል፤ ብቻህን ስትወጣ ይሰበራል፤
ቆይ ልያዝልህ» ብሎ በጨለማው ይከተላል።
ሌባው ከላይ ሲለቅም፣ እሱ ከታች ጨምድዶ ይዞ፣
«ቶሎ በል፣ ባለቤቱ ቢነቃስ?» ይላል፣ በፍርሃት ደንዝዞ።
ሲጨርሱ ሦስት ፍሬ፣ ለድካሙ፣ ይደርሰዋል፤
ይገምጥና፣ «ወንድሜ፣
ከእኔ ዛፍ ይሄ ይጣፍጣል» ይለዋል።

አነበብሁት፤ ለሌባው ቀጠን አርጌ፣ ለጎረቤቱ ጎርነን።
ዝም።
ከምድጃው በቀር አንድም የተንጣጣ አልሰማን።

ከዚያ እጅ ወጣ፤ ኖሚን ናት፤ «መምህር፣ መሰላል
የሚቆጠር ስም ነው ወይስ ከማይቆጠሩት ይመደባል?»
ባትሁያግ «ፒር ምንድን ነው?» አለ። ሰሌዳው ላይ ሣልሁ፤
«አምፖል ከዛፍ ይለቀማል?» ሲለኝ፣ ጠመኔውን ጣልሁ።
ኡያንጋ ግንባሯን ቋጥራ፣ አዝናም ጭምር አየችኝ፤
«ለምን ይሰርቃል?» አለችኝ፤
«እኛ ዘንድ ሰው ባይኖር እንኳ፣ መንገደኛ ገብቶ በልቶ ይሄዳል፤
ቢጠይቀው ምን ነበረ? ደግ ሰው እኮ ነው፤ ይሰጠዋል።»

መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ማብራራት ጀመርሁ፤
ቀስት ሣልሁ፣ ክብ ሣልሁ፣ «አንባቢ ያውቃል፣ እሱ አያውቅም» አልሁ፤
ሰዓት እንደ ፈታ ሰው ብሎኑን ሁሉ ደረደርሁ፤
ጥርሱ ይኸው፣ ሞላው ይኸው፤
ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ብቻ የሚናገር ጠፋ።
ለሳቅ የያዝሁት አምስት ደቂቃ በቃላት ጥናት አለፈ፤
ሃያ ሰባት ደብተር ላይ «አስቂኝ» የሚል ቃል ተጻፈ፤
ከሥሩም ሁለቴ ተሰመረ።

ሐሙስ።
የመኝታ ቤቱ ጭስ ማውጫ በጥላሸት ታፍኖ፣
ዘበኛው ሎድዮ ጣራ ወጣ፣ በአንድ ልጅ ጉልበት ተማምኖ።
ልጁ ቱመን ነው፤ የኋላ ወንበር፤ ከመስከረም እስከ ጥር
አንዲት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ያልወጣችው ከከንፈር።
መሰላሉን ጨምድዶ፣ ወደ ላይ አንጋጦ ሳለ
ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር፤ በመስኮት አይቼ፣ ልቤ «ታሟል» አለ።
አልታመመም።
ከሆዱ ሥር፣ ከጉልበቱ፣ የሁለት ቀን መንገድ የመጣ ሳቅ
አንቆት፣ ዕንባው በጉንጩ ላይ በረዶ እስኪሆን ሲፍለቀለቅ፣
ወደ ጣራው ጮኸ፤ በእንግሊዝኛ፤ ግሱን በቁሙ ገድሎ፤
«ቶሎ በል! ባለቤቱ መጣ!» ብሎ።

ክፍሉ አንድ አፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ኖሚን ፈነዳች፤
ኡያንጋ ዴስኳን ደበደበች፣ «ደግ ሰው እኮ ነው!» እያለች፤
ባትሁያግ፣ ያ የአምፖሉ ልጅ፣ ወንበሩን ይዞ ወደቀ፤
መስኮቱ ላይ የተጋገረው በረዶ በትንፋሻችን ተላቀቀ።

ወጥቼ ሄድሁ ወደ ግቢ። ሎድዮ ከላይ፣ ጥላሸት ፊቱን ወርሶት፣
«ምን አለ ይሄ ልጅ?» አለኝ፣ የጣራው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ገርሞት።
ልተረጉምለት ጀመርሁ፦ «አንድ ሰው ነበረ፣ መሰላል...»
ተውሁት።
የሞተውን ግስም፣ እንደ ሞተ፣ ሳላርም አሳደርሁት።
መሰላሉ ይወላገድ ነበር፤
ሄጄ በሌላው ወገን ያዝሁት።