የዳቦ ጋጋሪው ትከሻ

ጉንቮር በጀልባ ነው፣ ከደቡብ የመጣች፣
መስታወት በገለባ፣ ጠቅልላ የጫነች።
እኛ የኖርዌይ ዳር፣ ዓሣ ሰቃይ ሰዎች፣
«ምን ትሸጫለሽ?» አልን። «ፊታችሁን» አለች።

ውኃ ቀጂ ሆንኩኝ፣ በዐሥራ ሁለት ዓመቴ፤
የዕንቁላሉ ነጭ፣ ወረቀት መቀቢያ፣
አስኳሉ ግን ለእኔ፣ ለቁርስም ለእራቴ፤
ያን በጋ በሙሉ፣ ቢጫ ሆነ አንጀቴ።

ጣቷ በብር ጨው፣ ጠቁሮ ስለዋለ፣
ፓስተሩ ሲባርካት፣ ፈቀቅ ፈቀቅ አለ።
ፀሐይ ሁለት ወር ሙሉ፣ ከባሕር ሥር ስትተኛ፣
ጉንቮርም መረብ ትጠግን ነበር፣ እንደኛ፤
«አሠሪዬ ካልነቃች፣ ምን ይሠራል ምንደኛ?»

በዚያ ዘመን ታዲያ፣ ሰው ምስል ሲነሣ፣
ማጅራቱን ብረት፣ ይዞት እንደ ዓሣ፣
እስትንፋሱን ውጦ፣ ደርቆ እንደ ሬሳ።
ጉንቮር ያንን ብረት፣ ለአንጥረኛ ሸጠች፣
«ማዕበል የገፋ አንገት፣ አላስርም» እያለች።
ከኋላቸው ሸራ፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን።
«ተንፍሱ» ትላለች፣ ክዳኑን ስታነሣ፤
አንድ… ሁለት… ዐሥራ አራት…
የቻለ ይቆማል።
ያልቻለ ይወዛወዛል።
ለዚህ ነው በምስሏ፣ ሕፃን ጭስ ሆኖ የቀረ፣
የሽማግሌው እጅ፣ ሦስት ሆኖ የተቈጠረ።
የደቡብ ሊቃውንት፣ «ስሕተት ነው» ሲሉባት፣
በደብዳቤያቸው፣ መስታወት ጠረገችበት።

መስታወት ውድ ነበር።
ገንዘቡ ያልመጣለትን ፊት
በአመድና በሆምጣጤ የምፍቀው እኔ ነበርኩ።
ጨዋ ሥራ አይደለም። አፍንጫ ቶሎ ይሄዳል፤
ዓይን ግን እልኸኛ ነው።

መጋቢት ላይ ማርን መጣች፤ ባሏን ባሕር ያስቀረባት፣
«ዓምና ያነሣሽው ኤሊንግ… ዛሬ ልክፈልሽ» አለቻት።
እኔ ባልዲዬን አየሁ።
ኤሊንግን ፍቄው፣ በዚያው መስታወት ላይ
ዳቦ ጋጋሪው አርንፊን ተቀምጧል፣ ሆዱን ይዞ።

ጉንቮር አልዋሸችም። አምጥታ ለብርሃን ያዘችላት።
ያ የደለበ ፊት፣ ያ የእሑድ ኮቱ፤
ትከሻው ላይ ግን፣ እንደ ጉም የሳሳ፣
ፍቄ ያልጨረስኩት፣ አንድ እጅ አርፎበታል
(ያኔ የያዘው የወንበሩን መደገፊያ ነበር)፤
አውራ ጣቱ አጭር፣ መንጠቆ የበላው።

ማርን ዋጋውን ጠየቀች።

ከተማው አማት እንጂ ምን ያድርግ፣
የሰው ባል ምስል ከአልጋዋ በላይ ሰቅላ።
አርንፊንም እስኪሞት፣ መንገድ ላይ ባገኛት ቁጥር
ፊቱ ፍም ይመስላል፤
ትከሻውን ያራግፋል፣
ዱቄት ያለበት ይመስል።