አርባ ሰባት ደቂቃ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውኃ በማይደርስበት፣
የሰው ሠርግ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ ሌሊት።
ዘንድሮ በሐምሌ፣ በጭቃው መሃል፣ ዕቁብ ወጣልኝ፤
ቆጥሬው ስጨርስ ብሩ ራሱ ጥያቄ ሆነብኝ።

ወሬ መቼ ይተኛል፤ ሸምሱ ደወለልኝ ከመገናኛ፤
ኮምፒውተር ይሸጣል፤ ብር ሲሸተው ነው የሚሆን ጓደኛ።
«ዓይናዲስ፣ ስምሽ ይመስክር፣ አዲስ ዓይተሽ አትለፊ፤
አስራ አራተኛ ትውልድ ገብቷል፣ ያንን ሽማግሌ አሳርፊ።
ያንቺ አራተኛው ነው እኮ! አስር ትውልድ ሲያልፍ በደጅሽ፣
አንድ ጎጆ ውስጥ ቀረሽ» አለኝ፤ «እንዲያው ምን ያዘሽ?»

አስር ትውልድ! አባቴ ሰባት ቤት ሲያስቆጥረኝ፣
አምስተኛው ላይ ስደርስ ነው ሁልጊዜ ስሙ የሚጠፋኝ።
የእኛ አንድ ትውልድ ለመድረስ ስንት ክረምት ይፈጃል፤
የሸምሱ ትውልድ ግን በየመስከረሙ ይወለዳል፣
ሳይድህ ይሮጣል፣
ሳያረጅ ጡረታ ይወጣል።

ሄድሁ በማግሥቱ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሬ፣
የኤልሻዳይን ሠርግ በፍላሽ፣ በመሐረብ ቋጥሬ።
ሸምሱ ሰካው። በስልኬ ሰዓት ያዝሁበት፤
አስራ ዘጠኝ ደቂቃ! የእኔው አርባ ሰባት የሚፈጅበት።
ድምፅ እንኳ የለው፣ ጨዋ እንግዳ ይመስላል።
አልዋሽም፣ ቀናሁ።
ምራቄን ዋጥሁ።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። ፕሮሰሰሩ ብቻውን አይሸጥም፤
አዲስ አንጎል በድሮ ጭንቅላት ላይ አይቀመጥም፤
ማዘርቦርዱ ይለወጥ፣ ሚሞሪውም አይሆነውም፣
ማቀዝቀዣው ለብቻው ነው፣ ሳጥኑም አይበቃውም።
ለአንድ ቁልፍ በር ልገዛ፣ ለበሩ ደግሞ ግድግዳ፣
ዕቁቤ አልቆ ልነከር በሚቀጥለው ዙር ዕዳ።
«ልምከርበት» ብዬ ወጣሁ።
«ምከሪ፣ ምከሪ» አለ እየሳቀ፤ «ዶላሩ ግን አይመክርም።»

ማታ ቤቴ ገብቼ ያንኑ ሠርግ ጀመርሁ፤
ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ፣ ጨለማ ውስጥ ቀረሁ።
ያኔ ገባኝ፤ ውድድሬ ከሌላ ማሽን አይደለም፣
ሰፈሬ አስራ ዘጠኝ ደቂቃ ይሰጣል፣ አርባ ሰባት ግን የለም።
እንግዲያው ልግዛው?

እንቅልፍ እምቢ ሲል በስልኬ መብራት ሳጥኑን ፈታሁት፤ ምን ላይ!
የኮዬ አቧራ እንደ ቂጣ ተጋግሯል ማራገቢያው ላይ፤
ብሎኮቹ ሲሠሩ በመስኮት የገባ ሲሚንቶ፣
የሹራቤ ክር፣ አንድ ሸረሪት ከነድሩ ሞቶ።
የሙቀት ቅባቱ ደርቆ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቋል፤
ምስኪን! እኔ ዘገየ ስል እሱ ለካ ትኩሳት ይዞት ኖሯል።
አርጅቷል ብለን የተውነው ስንቱ ታሞ ይሆን?

ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ወርጄ አዲስ ቅባት አመጣሁለት፣
በጥርስ ብሩሽ ጠረግሁት፣ ቀባሁት፣ ሰዓት ያዝሁበት።
ሠላሳ አራት።
አስራ ዘጠኝ አይደለም፤ ግን ሠላሳ አራት።
ከዕቁቡ ላይ ባትሪ ገዛሁ፣ መብራት ቢሄድ የሚያሻግረኝ፤
የቀረው ፍራሽ ሥር ነው። እጄን አሁንም ይበላኛል፣ ማን ያምነኝ።

ቅዳሜ የኤልሻዳይ አባት፣ አቶ ደገፋ፣ ሠርጉን ሊያዩ መጡ፤
መነጽራቸውን ወልውለው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።
ልጃቸው የቤቱን ደፍ ስትሻገር ከወንበሩ ተነሡ፤
«እዚህ ጋ ቀስ አድርጊው፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ትንሽ ይዝገም፤
ቶሎ ነው የወጣችው። ያን ቀን በደንብ አላየኋትም።»

ለካ ማዝገምም ጉልበት ይጠይቃል፤ ማሽኔ ለማዘግየት
አቃሰተ፣ ጋለ፣ «ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ቀረኝ» አለ ጻፈበት።
እሳቸው አልቸኮሉም።
ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ሸምሱ ይልካል፦
«እንኳን አልገዛሽው! አስራ አምስተኛው በመስከረም ይገባል።»

መልስ አልሰጠሁትም። ልጅቷ ደፉ ላይ ናት ገና፣
አንድ እግሯ በአየር ላይ፣ አባቷም ትንፋሽ ይዘው፤ መብራቱ እንዳለ ነውና።