ይነካካሉ ወይ?

ደብረ ብርሃን ጠዋት፣ ውርጭ መስኮት ሲልስ፣
ጃኬቴን ሳላወልቅ ኮምፒውተር ስቀሰቅስ፣
የሞረትና ጅሩ ማሳ ይጠብቀኛል፤
መሬቱ ቁጥር ሆኖ፣ በነጥብ ታስሮ መጥቷል።
ማሳ ለእኔ ማለት የነጥቦች ሰልፍ ነው፣
ዞሮ ዞሮ ሄዶ በመነሻው የሚዘጋው።
ጭቃው አይሸተኝም፣ ዝናቡም አይነካኝ፤
ሁለት ቅርጽ ይሰጡኛል፤ አንድ ጥያቄ አለኝ።

በመጀመሪያ ማሳውን ሳጥን አለብሳለሁ፤
ሳጥን ከሳጥኑ ካልደረሰ፣ አልፋለሁ፤
የደነባን ገበሬ ከእነዋሪው ጋራ
ምን ያጋፋዋል? ያርስ የየራሱን ስፍራ።
ሳጥኖቹ ከነኩ ግን፣ ጎን ለጎን ወስጄ፣
መስመር ከመስመር ጋር አንድ ባንድ አፋርጄ፣
«ይነካካሉ ወይ?» እላለሁ። የኮዱ መልስ ሁለት፦
እውነት ነው፣ ወይ ሐሰት።
«እንደ ሁኔታው» አያውቅም፤ ቀጠሮ አይሰጥ፣ አይል «ሰንብት»።

ባንድ ቀበሌ ብቻ አራት መቶ ሰባት «እውነት» ተፋ።
ካርታው ቀላ። የአለቃዬ የአቶ ጥላዬ ፈገግታ ጠፋ።
«ይህ ሁሉ ድንበር ገፊ!» አሉ፤ ቆመው ቆጠሩ፤
ስም ዝርዝሩን አትመው ለቀበሌው መሩ።
እኔም ዝም አልኩ።
ኮዱ ሲሠራ ማየት ደስ ይል ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ረቡዕ ሁለት ሰው መጡ፣ ባንድ አይሱዙ ጋቢና ተጋፍተው።
ጋሽ ወንድይፍራው፣ ጫማው ላይ መረሬ ደርቆ፤
ወይዘሮ አጸደ፣ አረንጓዴ ደብተሯ በፌስታል ተደብቆ።
«ተካሰሳችሁ ተባልን» አለ፤ «ከሳሹ ግን ማን ነው?»
«እኔ አልከሰስኩት።»
«እኔም አልከሰስኳት።»
ተያዩና፣ እኔን አዩኝ።

ስክሪኑን አዞርኩላቸው። «ማሳችሁ ይነካካል።»
ሳቀች። «ካልተነካካማ ጎረቤት ምኑን ይባላል?»

ጆሮዬ ጋለ።
እዚያው ፊታቸው ጥያቄዬን ለሁለት ከፈልኩት፦
መንካት ሌላ፣ መደራረብ ሌላ አደረግኩት።
ለሁለት ማሳ አንድ የሳር ድንበር መጋራት
ጠብ ይመስለው ነበር ኮዴ፤ ምን ያውቃል ጉርብትና ማለት።
ከአራት መቶ ሰባቱ አሥራ አንድ ቀረ።
አሥሩ፣ ጂፒኤስ የያዘ የቀያሽ እጅ
በብርድ የተንዘፈዘፈበት ነው፤ ከጋት አይሰፋም።
አንዱ ግን፣
እንደ ማጭድ ስለት የቀጠነ፣ ወርዱ አራት እርምጃ፣
ቀይ እንደሆነ አለ። የእነዚሁ የሁለቱ።

አሁን ሳቁ ቆመ።
«እሱማ» አለ ወንድይፍራው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«አባቶቻችን ተጣልተው፣ ሽማግሌ ዳኝነት አድርጎ
የጨረሰው ነው። በማቴዎስና በሉቃስ የእሷ ነው፤ ምስር ትዘራለች።
በማርቆስና በዮሐንስ የእኔ ነው፤ ጤፍ።»
«ጳጉሜ ላይስ?» አልኩ ለቀልድ።
«የምንቆጥር ባጨዳ ነው» አለች ወይዘሮ አጸደ፣ ሳትቀልድ፤
«ጳጉሜ አያጣላንም።»

የተለካበትን ቀን ገልጬ አየሁ። ቀያሹ
የእሷን በሉቃስ ነው የለካ፤ የእሱን በዮሐንስ።
ሁለቱም ዞረው ያሳዩት ወሰን እውነት ነው፤
ሁለት እውነት አንድ ላይ ውሸት የሆነው
እኔ ሠንጠረዥ ላይ ነው።
ርዝመት አለው፣ ስፋት አለው፤ የዘመን አምድ የለው።

ሻይ አልጠጡም። መኪናው እንዳያመልጣቸው ቸኮሉ።
«በል ክሱን ሰርዝልን» አለኝ በሩ ላይ። «እሺ» አልኩ።
የሚሰረዝ ክስ አልነበረም፤
የነበረው ቀለም ነው።

ማታ ብቻዬን፣ ውርጩ ወደ መስኮቱ ሲመለስ፣
አንድ መስመር ጻፍኩ። አጠፋሁ። ደግሜ ጻፍኩ።
አቶ ጥላዬ ነገ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ያስወጡት ይሆናል።
ለጊዜው ግን፣ ሁለት ቅርጽ ሰጥተው ኮዴን
«ይደራረባሉ ወይ?» ሲሉት
አይቸኩልም፤ መልሶ ይጠይቃል፦
«ዘመኑ የማን ነው?»