ከጋሪ ወደ ደብተር

ደብረ ብርሃን መሸ፤ ብርዱ ጥርስ አወጣ፣
የብርድ ልብስ ፋብሪካው ፈረቃ ከደጁ ሲወጣ።
ጸጉራቸው ላይ ሱፍ፣ ጣታቸው ላይ ቀለም፣
እንቅልፍ ያልተጫነው አንድም ፊት የለም።
የማታ ክፍላችን አለው ሦስት መስኮት፣
አንዱ ባለ መስታወት፣ ሁለቱ ጆንያ የለበሱት።

«ቴአትር ሲጀመር» አልኩ፣ «እንግሊዝ አገር፣ አዳራሽ አልነበረም፣
መጋረጃም፣ ወንበርም፣ ቲኬት የሚባል ነገርም።
በበዓል ቀን፣ በአደባባይ፣ በተጌጠ ጋሪ፣
አናጢው ኖኅን ሆኖ፣ ዳቦ ጋጋሪው ፈጣሪ፣
ቆዳ ፋቂው ሰይጣን፣ ቀንዱን ሰፍቶ በጅማት፣
ከሰፈር ሰፈር ዞረው ሰውን ሲያስቁት፣ ሲያስለቅሱት።»

ሽብሩ ባለጋሪው እጁን እንደ ጅራፍ አነሣ፣
«ቲቸር፣ ፈረሱስ?» አለ፣ «ማን ነበር የሚያበላው ምሳ?»
የሃያ ዓመት ማስታወሻዬ ይህን አልመለሰም፤
መጽሐፉም ስለ ፈረሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ቅዳሜ ጠባሴ ጋሪው ቆመ፣ ከእህል ተራው ፊት ለፊት፣
ዳማው ተፈታ፣ ገለባ ተጣለለት።
መርሻ ንጉሥ ሆነ፣ ዘውዱ የዘይት ቆርቆሮ፣
ካባው ከፋብሪካው ቁራጭ ተሰፍቶ፣ ተቋጥሮ።
ሞት ሆኖ የመጣው እንግዳወርቅ፣ ፊቱን በዱቄት ነስንሶ፣
«ንጉሥ ሆይ፣ ተነሥ!» ሲለው በነጠላው ጫፍ ጠቅሶ፣
ጌሾ ሻጯ ጮኸች፦ «ተው ልጄ፣ አትሂድ አብረኸው!»
እኔ ከድንጋይ ላይ ቆሜ «ይኸው» አልኩ፣ «ይኸው።
ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ባሕር ማዶ የጮኸችው
እቺው ናት፤ ጌሾዋን ዘርግታ ጠባሴ የተቀመጠችው።»

በለጥሻቸው ግን ከጋሪው ጀርባ ዘውድ ስታቀብል ዋለች።
«አንቺስ?» ስላት፣ «ድምፄን ማሽኑ ወሰደው» አለች፤
«ስምንት ሰዓት ሙሉ ሲያጓራብኝ ይውላል፤
ቤት ስገባ የራሴ ቃል እንደ ሰው ቃል ይሰማኛል።»

ሰኞ ማታ መብራት ሄደ። በጨለማው ቀጠልኩ፦
«ቴአትሩን ሹማምንት ዘጉት፣ ኃጢአት ነው ብለው» አልኩ።
«ዐሥራ ስምንት ዓመት ሸረሪት አደራበት።
ቢከፈትም በኋላ፣ ሌላ ነገር በጓዳ ተጠንስሶ ነበር፦
ደብዳቤ፣ የጉዞ ወሬ፣ የነጋዴ ሒሳብ፣ የገረድ ምስጢር።
ንጉሡ ከመሐል ወጣ፤ ባለዕዳው፣ ወላጅ አልባው ገባ፣
ኪሱን የሚቆጥር፣ ጫማው ውሃ የሚያስገባ።
አንባቢውም ብቻውን ነው። አጠገቡ የሚስቅ የለም፤
አንድ ሻማ፣ አንድ ሰው፣ ያለ ድምፅ የሚናገር ዓለም።»

ማንም አልጠየቀም።
ከጥግ በኩል ብቻ፣
እስክሪብቶ ወረቀት ሲፍቅ ሰማሁ፣ በጨለማ።

በሦስተኛው ሳምንት ደብተር ሰጠችኝ፣ ጠርዙ የማሽን ዘይት የጠጣ።
«ይድረስ ለእህቴ ለአሰገደች፣ ሞላሌ» ይላል፤ «ካቦው ዛሬም ተቆጣ።
አራት ቁጥር ማሽን ላይ ቀይ ክር ተበጥሶ ስቀጥል፣
ያ ሹራብሽ ትዝ አለኝ፤ ክርኑ ላይ የነበረው ቀዳዳ፣ ጣቴን የሚያህል።»
ሃያ ሦስት ደብዳቤ። በኩራዝ አነበብኩ እስኪነጋ፤
ብቻዬን ሳቅሁ፣ ብቻዬን ፈራሁ፣ ተቀምጬ ከነጫማዬ በአልጋ።
ቀይ እስክሪብቶዬ ከነክዳኑ አደረ።

በማግሥቱ፣ ከደጅ፣ ፈረቃው ሲወጣ ጠበቅኋት።
«አሰገደች ደኅና ናት?» አልኳት።
«እህት የለኝም፣ ቲቸር» አለች።
ሱፉን ከትከሻዋ አራገፈች፣ ትንሽ ዝም ብላ ቆየች።
«ደግሞ መልስ አልላከችም፣ እስካሁን።
ምን ላድርግ? እጽፋለሁ። ደብተሩን ይመልሱልኝ አሁን።»